ቫዮሊንና ቪዮላ በግል ማስተማር፦ አስተማሪ የሌለባቸው ስድስት ቀናት

ተማሪ በሳምንት አንድ ቀን ለ45 ደቂቃ ይመጣል። ቀሪዎቹን ስድስት ቀናት ከመሣሪያው ጋር ብቻውን ነው። ጣቱ ቦታ ቢስት፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ቢወጣ፣ ክሩ ከቅኝት ቢወርድ ቆም በል የሚለው ሰው የለም። በትምህርት ሰዓት አስተማሪው ፊት ለፊት ቆሞ እጅ እየያዘ ስለሚያስተካክል ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ልጁ ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ግን ራሱን የሚያርምበት ዘዴ ከሌለው ስድስቱን ቀን ስህተቱን እያጠና ይመጣል። ቀጥዬ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ስለ መሣሪያው፣ ስለ ክርና ስለ ጆሮ ይበዛል። ማስተማር ለሚጀምር ሰውም፣ ልጁን ለሚያስተምር ወላጅም ይሆናል።

መጀመሪያ የመሣሪያው ልክ። ጫማ ሲገዛ "ያድግበታል" ተብሎ አንድ ቁጥር ከፍ እንደሚደረገው ቫዮሊንም ከፍ ተደርጎ ይገዛል። ይህ ብዙ ልጅ ያስቆማል። የተለቀ ቫዮሊን የያዘ ልጅ ግራ ክንዱን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ ክርኑን ይቆልፋል፣ ትንሿ ጣቱ ክሩ ላይ አትደርስም፣ የቀኝ እጁም ቦውን (የቫዮሊኑን ደጋን) እስከ ጫፉ መጎተት አይችልም። ለመለካት ልጁ ግራ እጁን ወደ ጎን ቀጥ አድርጎ ይዘርጋ፤ ከአንገቱ ሥር እስከ መዳፉ መሃል በሜትር ይለካ። 58 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉው (4/4) ይሆነዋል፤ 56 አካባቢ 3/4፣ 51 አካባቢ 1/2፣ 47 አካባቢ 1/4። በሁለት መጠን መካከል ቢወድቅ ሁልጊዜ ትንሹን እመርጣለሁ። ከዚያ መሣሪያውን አገጩ ሥር አስቀምጦ በግራ መዳፉ የመሣሪያውን ጠምዛዛ ራስ ይያዝ፤ ክርኑ ትንሽ እንደታጠፈ ከደረሰ ልኩ ነው።

አዲስ የተገዛ ወይም ዘመድ ከውጭ ያመጣው ቫዮሊን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ክሮቹ ላልተው፣ ብሪጁ ከቦታው ወርዶ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ ነው። በክራርና በበገና በርኩማ የምንለው ነው ብሪጅ። የሚቆመው ከሁለቱ ጠማማ ቀዳዳዎች መሃል ባሉት ትንንሽ ጭረቶች ትይዩ ነው፤ ዝቅ ያለው ጎኑ በቀጭኑ ክር በኩል ይሆናል። ወደ ጅራቱ በኩል ያለው ፊቱ ከቫዮሊኑ ሆድ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራት አለበት፤ የደብተር ጠርዝ አስጠግቶ ማየት ይበቃል። ክር በተቃኘ ቁጥር የብሪጁ አናት በትንሽ በትንሹ ወደ ራስጌው እየተሳበ ይጋደላል። ካልታረመ ይጎብጥና አንድ ቀን ጧ ብሎ ይወድቃል። በሁለት እጅ በአውራና በአመልካች ጣት ይዞ አናቱን ቀስ አድርጎ መመለስን ወላጅ በመጀመሪያው ቀን ሊማር ይገባል። አራቱን ክር በአንድ ጊዜ መፍታት ግን ክልክል ነው። በሆዱ ውስጥ ቆማ ድምፅ የምታስተላልፈው ቀጭን እንጨት በምንም አልተጣበቀችም፤ የያዛት የክሮቹ ጫና ብቻ ነው። ከወደቀች ባለሙያ ያስፈልጋል። ክር የሚቀየረው አንድ በአንድ ነው።

ሌላው ሳይታይ የሚታለፍ ነገር የክሩ ከፍታ ነው። በሙሉ ቫዮሊን ላይ፣ ጥቁሩ የጣት ማረፊያ እንጨት በሚያልቅበት ቦታ፣ ከቀጭኑ የሚ ክር ሥር 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከወፍራሙ የሶል ክር ሥር ደግሞ 5.5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል። ርካሽ መሣሪያ ላይ ብሪጁ ሳይቀረጽ ስለሚመጣ ክፍተቱ ከዚህ በጣም ይበልጣል። ልጁ "ጣቴን አመመኝ" ሲል ሰነፍ ከመባሉ በፊት እዚህ ጋር ማስመሪያ ይቀመጥ።

አዲስ አበባ ላይ የሚያስተምር ሰው ከወቅቱ ጋር አብሮ መኖር አለበት። በበጋ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል፤ መቃኛዎቹ ይለቃሉ፤ ጠዋት ሳጥኑ ሲከፈት አራቱም ክር ተንጠልጥሎ ብሪጁ ወድቆ ይገኛል። በክረምት ያው መቃኛ አብጦ አልዞርም ይላል። ለሚያንሸራትት መቃኛ ጠመኔ፣ ለሚጣበቅ ደረቅ ሳሙና ወይም የእርሳስ ጥቁር ቀባ ማድረግ ይፈውሰዋል። መቃኛው ሲዞር ሁልጊዜ ወደ ውስጥ እየተገፋ ነው፤ ዝም ብሎ ከዞረ ይለቃል። በዱባይና በሪያድ ኤርኮንዲሽነር፣ በዋሽንግተንና በስቶክሆልም የክረምት ማሞቂያ ያንኑ ድርቀት ያመጣሉ። እዚያ ያሉ ወላጆች ቀዳዳ ቀዳዳ በተደረገ የሳሙና ዕቃ ውስጥ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ አድርገው ሳጥኑ ውስጥ ቢያስቀምጡ ይረዳል። ቫዮሊን መኪና ውስጥ አያድርም፤ መስኮት ሥርም አይቀመጥም።

"ቫዮሊኑ ድምፅ የለውም፣ ተበላሽቶ ነው የሸጡልን" የሚል ስልክ ከመጣ ሮዚኑ (የቦው ፀጉር የሚቀባው ደረቅ ሙጫ) አልተነካም ማለት ነው። አዲስ ሮዚን እንደ መስታወት ልሙጥ ስለሆነ የቦውን ፀጉር አይዝም። ላዩን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ ማድረግ፣ ከዚያ አዲሱን ፀጉር 30 ወይም 40 ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማመላለስ። ከዚያ በኋላ በቀን 3 ወይም 4 ምልስ ይበቃል። ነጭ ዱቄት ክሩ ላይ ከተከመረ በዝቷል፤ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። ፀጉሩ በጣት አይነካም። ቦው ሲወጠር በመሃሉ እርሳስ የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑረው፤ ተጫውቶ ሲያበቃ ደግሞ ይላላ፤ አለበለዚያ እንጨቱ ቅስት ቅርፁን ያጣል።

ቅኝት። ቫዮሊን ከወፍራሙ ሲቆጠር ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ነው፤ ቪዮላ (በመጠን የሚበልጠው፣ ድምፁ ወፈር የሚለው የቫዮሊን ዘመድ) ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ። ላ 440 ሄርትዝ ላይ ከስልክ መቃኛ ይያዛል፤ ቀጥሎ ሬና ሶል፣ በመጨረሻ ሚ። ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ እየወጡ ነው የሚቃኘው። ክር የሚበጠስበትን አንድ ምክንያት በቅርብ ላሳይ፦ ልጁ የሚን ክር በጣቱ እየመታ የላን መቃኛ ያዞራል። ድምፁ አይለወጥም። "ገና ነው" ብሎ የበለጠ ያዞራል፤ ላ ይበጠሳል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፤ መቃኛ በዞረ ቅጽበት የምትመታው ክር ድምፅ ካልተለወጠ እጅህን አንሳ። የስልኩ መቃኛም ሊያሳስት ይችላል፤ ክሩ አንድ ኦክታቭ (እስከ ታችኛው ላ ድረስ) ወርዶም "ላ" ብሎ አረንጓዴ ያበራል። ለልጆች መሣሪያ በጅራቱ ላይ አራቱም ትንንሽ የማስተካከያ ብሎኖች ይኑሩት፤ ወላጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት እነዚያን ብቻ ይንካ። ብሎኑ እስከ ታች ከገባ ምላሱ ሆዱን ይቧጭራል፤ ያኔ ብሎኑን ፈትቶ ክሩን በመቃኛው ማውጣት ነው።

የመጀመሪያው ወር የቀኝ እጅ ነው ብዬ አምናለሁ። ወላጅ ዜማ ለመስማት ይቸኩላል፤ ግን ግራ እጅ ሲገባ ቀኙ ይረሳል፤ የተረሳ ቀኝ እጅ ደግሞ በኋላ ሲታረም ሁለት ዓመት ይፈጃል። የቦው አያያዝ በእርሳስ ይጀመር፤ እርሳስ ቀላል ስለሆነ እጅ አይጨብጥም። አውራ ጣት ጎበጥ ብላ ከመሃል ጣት ትይዩ ትሆናለች፣ ትንሿ ጣት በጫፏ ቆማ ከላይ ትቀመጣለች። አውራ ጣት ቀጥ ካለች መላው እጅ እስከ ትከሻ ይደነድናል። ወደ እውነተኛው ቦው ሲዛወር ትንንሽ ልጆች አውራ ጣታቸውን ከመያዣው ውጭ፣ ከብረቱ ሥር ቢያደርጉ ይቀላቸዋል።

ድምፅ ማውጣቱ ከቦው መሃል ወደ ጫፍ ባለው ግማሽ፣ በባዶ ክር ይጀመራል። እዚያ ክንዱ ከክርን ብቻ ተከፍቶ ይዘጋል፤ ትከሻ አይሠራም። ቦው ከብሪጁ ጋር ጎን ለጎን፣ በብሪጁና በጥቁሩ እንጨት መካከል ይሂድ። ጫፍ ላይ ሲደርስ ክንዱ ወደ ኋላ ከዞረ ቦው ወደ ጥቁሩ እንጨት ይንሸራተትና ድምፁ ፉጨት ይሆናል። ሲፋጭ ደግሞ ክብደቱ በዝቶ ፍጥነቱ አንሷል። ቤት ውስጥ ልጁ በግራ ጎኑ ለመስታወት ቆሞ ቦውና ብሪጁ ሁለት ሐዲድ መሆናቸውን እያየ በእያንዳንዱ ክር 10 ምልስ ያድርግ። ትከሻና አገጭ የሚገናኙበት ቦታ ክፍተት ካለ ሾልደር ሬስት (የትከሻ መደገፊያ) ወይም በላስቲክ የታሰረ ስፖንጅ ይግባ። ግራ እጅ ተለቆ ቫዮሊኑ 10 ሴኮንድ ካልቆመ፣ ልጁ እየተጫወተ መሣሪያውን በግራ እጁ መሸከሙ አይቀርም፤ የተሸከመ እጅ ደግሞ ጣት አያንቀሳቅስም።

አሁን ግራ እጅ። ለጀማሪ ጥቁሩ እንጨት ላይ ምልክት መለጠፍ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው አስተማሪን ሁሉ ያከራክራል። እኔ እለጥፋለሁ፤ ግን ለአንደኛና ለሦስተኛ ጣት ብቻ። ሁለተኛ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ስለሆነ ምልክት ከተደረገለት ጆሮ ይተኛል። የሚለጠፍበትን ቦታ ለማግኘት ማስመሪያ አያስፈልግም፤ የስፌት ክር ይበቃል፤ ለየትኛውም መጠን ይሠራል። ራስጌው ላይ ክሮቹ ከሚያርፉባት ትንሽ እንጨት እስከ ብሪጁ አናት የስፌት ክሩን ወጥረህ ቁረጥ። ለአራት እጠፈው፤ አንዱ እጥፋት ከራስጌው ሲለካ ሦስተኛ ጣት የሚያርፍበት ነው። ሌላ እኩል ክር ለሦስት እጠፍ፤ አንዱ እጥፋት የአራተኛ ጣት ቦታ ነው። ያንኑ አንድ ሦስተኛ መልሰህ ለሦስት እጠፍ፤ አንደኛ ጣት ይወጣል። በሙሉ ቫዮሊን ርዝመቱ 32.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ አንደኛ 3.6፣ ሦስተኛ 8.2፣ አራተኛ 10.9 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናሉ። ክር ሲጫን ትንሽ ስለሚወጠር ድምፁ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ዳኛ ጆሮ ነው።

ጆሮስ በምን ይዳኛል? በሚያስተጋቡት ባዶ ክሮች። በሬ ክር ላይ ሦስተኛ ጣት ሶል ነው። በትክክል ካረፈ ማንም ያልነካው ወፍራሙ የሶል ክር ራሱ ይርገበገባል፤ ብርሃን ባለበት ሲታይ ክሩ እንደ ጭጋግ ወፈር ብሎ ይታያል፤ ቦው ከክር ሲነሳም ድምፁ ትንሽ ይቆያል። ጣት ሁለት ሚሊ ሜትር ከሳተ ሶል ዝም ይላል። በላ ክር ላይ ሦስተኛ ጣት ከባዶ ሬ ጋር፣ በሬ ክር ላይ አንደኛ ጣት ከባዶ ሚ ጋር እንዲሁ ያስተጋባሉ። አራተኛ ጣት ቀጣዩን ባዶ ክር ራሱን ነው። ልጁ ይህን አንዴ በዓይኑ ካየ ቤት ውስጥ አስተማሪ አገኘ ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ ግን ባዶዎቹ ክሮች መቃኘት አለባቸው፤ ባልተቃኘ ቫዮሊን ላይ የሚያጠና ልጅ ትክክል ሲሆንም ምስክር የለውም። ምልክቶቹን ከስድስት ወር በኋላ አንስቼ በማስተጋባቱ ብቻ እንዲቀጥል አደርጋለሁ፤ መጀመሪያ የሦስተኛው፣ ከወር በኋላ የአንደኛው ይነሳል።

የመጀመሪያ ልምምዱን ከራሳችን ቅኝቶች እጀምራለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ልጁ ትዝታንና ባቲን ከቤቱ፣ ከሰርጉ፣ ከሬዲዮው ሰምቶ ስላደገ ሲሳሳት ማንም ሳይነግረው ፊቱ ይኮሳተራል። ደግሞም በሬና በላ ክር ላይ ሲቀመጡ ለጀማሪ ጣት የተሠሩ ይመስላሉ። ትዝታ ሜጀር ከሬ ሲነሳ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ፋ)፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ ነው፤ በሬ ክር ላይ ባዶ፣ 1፣ 2፤ በላ ክር ላይ ባዶ፣ 1፣ 3። አራተኛ ጣት አያስፈልግም፤ መጨረሻው ሬ ከባዶው ሬ ጋር ስለሚያስተጋባ ቅኝቱ ራሱ ፈተናውን ይዞ ይመጣል። ባቲ ሜጀር ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ሻርፕ፣ ሬ፤ በሁለቱም ክር ባዶ፣ 2፣ 3። ሁለተኛና ሦስተኛ ጣት ተጠጋግተው መቆምን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር መልመጃ አላውቅም፤ ተማሪዎች የሚስቱትም ሁለተኛውን ወደ ኋላ በማስቀረት ነው። አምባሰል ሬ፣ ሚ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሚ)፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት፣ ሬ፤ በሁለቱም ክር ባዶ፣ ወደ ኋላ የተሳበ 1፣ 3። የተሳበው አንደኛ ጣት በሙሉ ቫዮሊን ከራስጌው እንጨት 1.8 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ሲሳብ ሙሉ እጁ አብሮ ወደ ኋላ ከሄደ ሦስተኛው ዝቅ ይላል፤ ጣቷ ብቻዋን ትሂድ። ትዝታ ማይነር በሬ ክር ላይ ባዶ፣ 1፣ የተሳበ 2፤ በላ ክር ላይ ባዶ፣ የተሳበ 1፣ 3።

አንቺ ሆዬን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አቆየዋለሁ። ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ሲ፣ ሬ ስለሆነ ላ ፍላቷ ከባዶው ላ ታች ናት፤ የምትገኘው በሬ ክር ላይ በአራተኛ ጣት፣ ከሦስተኛው ጋር ተጣብቃ ነው። ትንሿ ጣት ሳትጠነክር ከተሞከረ የእጅ አንጓ ቅርፁን ያጣል። እነዚህ አቀማመጦች በፒያኖ ልክ ናቸው፤ ድምፃውያንና አዝማሪዎች አንዳንዱን ድምፅ ጠበብ ወይም ሰፋ እንደሚያደርጉ ተማሪው ከፍ ሲል በጆሮው ይማረዋል።

ከማሲንቆ የሚመጣ ተማሪ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ጆሮው የሰላ ነው፤ ቀኝ እጁም ከደጋን ጋር ስለኖረ ድምፅ መጎተት ያውቃል። የሚቸገርባቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። ማሲንቆ ላይ ጣት ክሩን ይነካል እንጂ እንጨት ላይ አይጫንም፤ ያንን ልማድ ቫዮሊን ላይ ሲያመጣው ድምፁ ይነፍሳል። ስለዚህ ክሩ እንጨቱን እስኪነካ መጫንን በቀስታ ይለማመድ። ሁለተኛ፣ አንድ ክር ለለመደ እጅ አራት ክር አራት የክርን ከፍታ ነው። ያለ ድምፅ፣ ቦውን ክር ላይ አስቀምጦ ክርኑን ከሶል ወደ ሚ ማውረድና መመለስን በቀን 20 ጊዜ ቢሠራ በሁለት ሳምንት ይለምደዋል። እጁ ያለውን ጌጥ ግን አታጥፉበት።

ስለ ቤት ልምምድ። ለ6 ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ለ10 ዓመት ልጅ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። ቅዳሜ አንዴ የሚሠራ 90 ደቂቃ ስድስት ቀን የተሠራን 15 ደቂቃ አይተካም፤ ጣት በእንቅልፍ መሃል ነው የሚማረው። አዲስ ዜማ ለሁለት ለሁለት ሜዠር (በኖታው ላይ በቋሚ መስመር የተከፈለ ክፍል) ይቆረስ፣ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪው) 60 ላይ ይቀመጥ፣ አምስት ሽምብራ ጠረጴዛው ላይ ይደርደር። አንዴ በትክክል ሲወጣ አንድ ሽምብራ ወደ ቀኝ ትሻገራለች፤ ሲሳሳት ሁሉም ይመለሳሉ። ልጆች "አሥር ጊዜ ተጫወት" ሲባሉ አሥሩንም ስህተት ይጫወታሉ፤ በሽምብራ ግን መጠንቀቅ ይጀምራሉ። ወላጅ አጠገብ ይቀመጥ፣ ይቁጠር፣ ቅኝት ይጠብቅ፤ አያርም። የሰኔ ፈተና ሲመጣ ትምህርቱን ማቆም ሳይሆን ልምምዱን ወደ 10 ደቂቃ ባዶ ክርና ትዝታ ማሳነስ ይሻላል።

ቪዮላ ትልቅ ቫዮሊን ተደርጎ መታየቱ ብዙ ተማሪ ጎድቷል። የአዋቂ ቪዮላ አካሉ ከ38 እስከ 42 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ እንደ ቫዮሊን አንድ "ሙሉ" ልክ የለውም፤ ክንድን አይቶ መምረጥ ነው። በቀኝ እጅ ያለው ልዩነት የበለጠ ነው። የቫዮሊን ቦው 60 ግራም፣ የቪዮላው 70 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ወፍራሙ የዶ ክር ቶሎ አይነሳም። ከቫዮሊን የመጣ ተማሪ በለመደው ፍጥነት ሲጎትት ፉጨት ይወጣል። ክብደቱ መጀመሪያ ክሩ ላይ ይረፍ፣ ክሩን ይንከስ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይነሳ። ግራ ክርን ለዶ ክር ወደ ሆድ በኩል ጠልቆ ይገባል። የጣት ቦታ በዚያው የስፌት ክር ይለካል። ከላይ የጻፍኳቸው ቅኝቶች በሬና በላ ክር ላይ ስለሆኑ በቪዮላም ጣታቸው አይለወጥም፤ በቪዮላ ሚ ክር ስለሌለ ግን የአንደኛ ጣት ምስክር በሶል ክር ላይ ያለው ላ ነው፤ ከባዶው ላ ጋር ያስተጋባል። ኖታው በአልቶ ክሌፍ (የድምፆቹን ቦታ በሚወስነው የመነሻ ምልክት) ነው፤ መካከለኛው መስመር መካከለኛው ዶ ነው። አራቱም ባዶ ክሮች ከመስመር ላይ ሳይሆን ከክፍተት ላይ ይገኛሉ፦ ዶ ከታች ከተጨማሪው መስመር ሥር፣ ሶል አንደኛው ክፍተት፣ ሬ ሦስተኛው ክፍተት፣ ላ ከላይኛው መስመር በላይ። ተማሪው እነዚህን አራት ነጥቦች ከያዘ "የቫዮሊንን አንብበህ ሁለት ጣት ቀንስ" የሚለውን አቋራጭ አትስጡት፤ ፖዚሽን (ግራ እጅ የሚቆምበት ቦታ) ሲቀየር ይጠፋዋል። አሜሪካ የትምህርት ቤት ኦርኬስትራ ያለበት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ቪዮላ የሚይዙ ልጆች ከቫዮሊን ያነሱ ስለሆኑ ረዥም ክንድ ላለው ልጅ ቦታው ሰፊ ነው።

በኢንተርኔት ለሚያስተምር፦ ካሜራው በተማሪው ቀኝ በኩል በትከሻ ከፍታ ይቀመጥ፤ ፊት ለፊት ከተቀመጠ ቦው ቀጥ ማለቱ አይታይም። ድምፅ ስለሚዘገይ አብሮ መጫወት አይሞከርም። ክፍያው በወር መጀመሪያ፣ ቀሪ የሚል ከ24 ሰዓት በፊት ያሳውቅ፤ ይህ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለወላጅ ከተሰጠ ቅሬታ አይኖርም።

ከ45ቱ ደቂቃ የመጨረሻዎቹ 5 የደብተር ናቸው። ተማሪው ራሱ ይጻፍ፤ ከሦስት ነገር አይበልጥ። "በደንብ አጥና" የሚል ነገር አይጻፍም። የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ "1. ባዶ ሬ፣ በመስታወት፣ 10 ምልስ። 2. ባቲ፣ ሜትሮኖም 60፣ 2ኛ ጣት 3ኛን ትንካ፣ 5 ሽምብራ። 3. ከሜዠር 5 እስከ 6 ብቻ፤ የሶል ክር ሲርገበገብ እይ።" ቀጣዩ ትምህርት ሲጀመር ደብተሩ ተከፍቶ በቁጥር 1 ይጀመራል።